መለዋወጫ ያለው ሞተር

አሶሳ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚጠግን አንድ ወዳጅ አለኝ። ሥራ ቦታውን ጋራዥ ማለት ይከብዳል። ከማንጎ ዛፍ ሥር የተወጠረች የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ የመፍቻ ሳጥን፣ እንግዳ የሚቀመጥበት አሮጌ ጎማ፣ በቃ። ከኩርሙክ በኩል ቀይ አቧራ ለብሰው፣ ከባምባሲ በኩል ጭቃ ተለጥፎባቸው የሚመጡት ሞተሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ናቸው። ሰው ይጭናሉ፣ የማንጎ ጆንያ ይጭናሉ፣ አንዳንዴም ፍየል ይጭናሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካርቡራተር ፈትቶ በቤንዚን ሲያጥብ፣ «እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ስንት ዓመት ያገለግላል?» አልኩት።

ቀና ሳይል፣ «ጋሼ፣ ሞተር በዕድሜ አይሞትም» አለኝ። «መለዋወጫው ገበያ ላይ እስካለ ይኖራል። መለዋወጫው የጠፋ ለት፣ አዲስም ቢሆን ሞቷል።»

በዚያ ሰሞን ስለ አንድ የሩቅ አገር ውድድር እያነበብኩ ነበርና ቃሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ውድድሩ የሚካሄደው አይል ኦፍ ማን በምትባል፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለው ባሕር ላይ በተቀመጠች ደሴት ነው። መም የለውም። ሰዉ ወደ ገበያና ወደ ሥራ የሚመላለስበት የሕዝብ መንገድ ለሰዓታት ይዘጋና ሞተሮች ይለቀቁበታል። ሲያበቃ የወተት መኪናው ተመልሶ ይገባበታል። በዚህ ውድድር ውስጥ የትንሿ ሞተር ዕጣ ከሁሉም ይለያል። ደጋግመው አሰናበቷት፤ ደጋግመውም መልሰው ጠሯት። የወዳጄ ሕግ በእሷ ታሪክ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ከመጀመሪያው ልጀምር። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1903 የእንግሊዝ ፓርላማ ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ በሰዓት ከ20 ማይል፣ ማለትም ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ ደነገገ። ለእሽቅድምድም ብሎ የሕዝብ መንገድ መዝጋትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነበር። አይል ኦፍ ማን ግን ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ፓርላማ አላት። ቲንዋልድ በ1904 ለመኪና ውድድር መንገድ መዝጋት የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ በዓመቱ ሞተር ሳይክሎችም መጡ።

ሜይ 28 ቀን 1907 ደግሞ እስከ ዛሬ የዘለቀው ውድድር ተጀመረ። ስሙ «ቱሪስት ትሮፊ» ነው፤ በአጭሩ ቲቲ ይሉታል። «ቱሪስት» መባሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። አዘጋጆቹ የፈለጉት ለውድድር ብቻ የተሠራ ጉድ ሳይሆን ማንም ሰው ገዝቶ መንገድ የሚወጣበትን ሞተር መፈተን ነበር። ስለዚህ ተወዳዳሪው ኮርቻ፣ ጭቃ መከላከያና ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ የተሟላለት ሞተር ይዞ እንዲቀርብ አዘዙ። ነዳጁም በልክ ነበር። ባለ አንድ ሲሊንደሩ በአንድ ጋሎን ቢያንስ 90 ማይል፣ ባለ ሁለቱ 75 ማይል መሄድ ነበረበት። 25 ሰዎች ተነሱ። 25 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆነውን ዙር አሥር ጊዜ ዞረው ቻርሊ ኮሊየር በማችለስ ሞተር በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ገደማ አማካይ ፍጥነት አሸነፈ። ከባለ ሁለት ሲሊንደሮቹ ምድብ ሬም ፋውለር በኖርተን አንደኛ ወጣ። ዳገቱ ሲጠናባቸው አንዳንዶቹ ፔዳል እየመቱ ሞተራቸውን ያግዙ ነበር። አሶሳ ላይ ጆንያ ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሞተረኛ በእግሩ መሬት እየገፋ ሲያግዝ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

በ1911 ውድድሩ ወደ ተራራው መንገድ ተዛወረ። ከዋና ከተማዋ ከዳግላስ ይነሳል፤ በመንደሮች መካከል፣ በድንጋይ አጥርና በቤት ደጃፍ ጥግ ሾልኮ ያልፋል፤ ከዚያ 621 ሜትር ከፍታ ያለውን የስኔፌል ተራራ ጎን ይዞ ወጥቶ ይመለሳል። ዛሬ የአንዱ ዙር ርዝመት 60.7 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ200 በላይ ኩርባዎች አሉበት። ተወዳዳሪዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው አይነሱም። በየአሥር ሴኮንዱ አንድ አንድ እየተለቀቁ ከሰዓቱ ጋር ይሽቀዳደማሉ። በዚያው ዓመት ውድድሩ «ሲኒየር» እና «ጁኒየር» ተብሎ እንደ ሞተሩ መጠን ተከፈለ። ተራራውም በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ሰው ወሰደ። ቪክቶር ሰሪጅ የሚባል ወጣት በልምምድ ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ።

ትንሿ ሞተር ብቅ ያለችው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1920 ከጁኒየር ጋር ተቀላቅለው ለሮጡ 250 ሲሲ ሞተሮች ለብቻ ሽልማት ተዘጋጀ። በ1922 የራሷ ውድድር ተሰጣት፤ ስሙም «ላይትዌይት»፣ የቀላል ሞተሮች ውድድር ተባለ። የመጀመሪያውን ጄፍ ዴቪሰን ሌቪስ በምትባል የበርሚንግሃም ሞተር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ወሰደው። ሌቪስ በላቲን «ቀላል» ማለት ነው፤ ስምና ሥራ ተገጣጠሙ።

ነገሩ ስላማረ በ1924 ከዚያም ያነሰች፣ 175 ሲሲ የሆነች ሞተር ምድብ ተጨመረላት። በ1925 ዋል ሃንድሊ ይህንኑ ምድብና ጁኒየርን አሸንፎ በአንድ ሳምንት ሁለት ቲቲ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ድሉ ግን ለ175ቷ ስንብት ነበር፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ምድቡ ተሠረዘ። ትንሿ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰናበተች።

250ዋ ቀጠለች፤ የሩቅ አገር ሰዎች ወደ ደሴቷ የሚገቡባት በርም ሆነች። በ1935 አየርላንዳዊው ስታንሊ ዉድስ በኢጣሊያው ሞቶ ጉዚ አሸነፈ። በ1937 ኦሞቦኖ ቴኒ በዚያው በጉዚ ላይትዌይትን ወስዶ ቲቲ ያሸነፈ የመጀመሪያው ኢጣሊያዊ ሆነ። በ1938 ጀርመናዊው ኤቫልድ ክሉገ ጆሮ በሚያደነቁር ባለ ሁለት ምት ዲካቬ ሞተር ተከታዩን ከ11 ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ።

እዚህ ላይ ወደ አሶሳ ጎራ ልበል። ቴኒ ደሴቲቱ ላይ ሲጨበጨብለት አገራችን በኢጣሊያ ወረራ ሥር ነበረች። ጉዚ ለኢጣሊያ ጦርም ሞተር ያቀርብ ነበር። አሶሳ ላይ የሰፈሩት የኢጣሊያ ወታደሮች የለቀቁት ማርች 11 ቀን 1941 ነው፤ ያስለቀቃቸውም በቤልጅግ መኮንኖች ይመራ የነበረ የኮንጎ ጦር ነው። ወታደሮቹ ሄዱ፤ የጋራዥ ቃላቸው ግን ቀረ። ወዳጄ በቀን መቶ ጊዜ የሚጠራቸው ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካቴና፣ ፍሪሲዮን የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። ከቴኒ መካኒክ ጋር ቢገናኙ በሌላው ባይግባቡ በዚህ ይግባቡ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቲቲ በ1947 ተመለሰ፤ በ1949 የዓለም ሻምፒዮና አካል ሆነ። በ1951 ትንሿ ሞተር በ125 ሲሲ ተመልሳ መጣች። ኢጣሊያኖቹ ሞንዲያሎች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ጠራርገው ወሰዱ፤ አንደኛ የወጣው የሰሜን አየርላንዱ ክሮሚ ማካንድለስ ነበር። ከ1954 ጀምሮ ትንንሾቹ ክሊፕስ ወደሚባል 17 ኪሎ ሜትር ወደሚሆን አጭር ዙር ወረዱ። ታላቁ ተራራ ለጊዜው ለታላላቆቹ ቀረ።

ያኔ ነው ከጃፓን አንድ ሰው የመጣው። ሶይቺሮ ሆንዳ በማርች 1954 ድርጅቱ ቲቲ እንደሚወዳደር በይፋ አወጀ። በጁን ሄዶ ሲያይ ክው አለ። የአውሮፓ ሞተሮች በተመሳሳይ መጠን የእሱን ሦስት እጥፍ ያህል ጉልበት ያወጡ ነበር። ሌላው ቢሆን ሐሳቡን ይቀይር ነበር። እሱ ግን ጎማ፣ ካቴናና ካርቡራተር ገዝቶ፣ መለዋወጫ ተሸክሞ አገሩ ገባ። አምስት ዓመት ፈጀበት። በ1959 ሆንዳ 125 ሲሲ ሞተሮቹን ይዞ ክሊፕስ ላይ ቀረበ። ናኦሚ ታኒጉቺ ስድስተኛ ወጣ፤ ጓደኞቹ 7ኛ፣ 8ኛና 11ኛ ሆነው የቡድን ሽልማቱን ለጃፓን አስገኙ። በሁለት ዓመቱ፣ በ1961፣ ማይክ ሄይልዉድ በሆንዳ 125ንም 250ንም አሸነፈ። በሁለቱም ምድቦች ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የገቡት በሙሉ ሆንዳዎች ነበሩ።

ሆንዳ በትልቁ ሞተር ሳይሆን በትንሹ መግባቱ ያጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። በ1958 ሱፐር ከብ የተባለችውን 50 ሲሲ ሞተር ለገበያ አውጥቶ ነበር። እንቁላል ነጋዴውም፣ ፖስተኛውም፣ ተማሪውም የሚነዳት ሞተር ናት። በ2017 የተሠራችው ብዛት 100 ሚሊዮን ደርሷል። ደሴቲቱ ላይ በትንሿ ሞተር መታየት ለሆንዳ መንገድ ላይ ለሚሸጣት ሞተር ምስክር ማቆም ነበር።

በዚያው 1961 የትንንሾቹን ሞተሮች ምስጢር የሚያዛውር ሌላ ነገር ሆነ። በምሥራቅ ጀርመን ዞፓው ከተማ፣ ያ ሲጮህ የነበረው ዲካቬ ይሠራበት በነበረው ፋብሪካ፣ ኤምዜድ የሚባል ሞተር ይመረት ነበር። እዚያ ቫልተር ካደን የተባለ መሐንዲስ የማርሚታን ቅርፅ እየቀያየረ ሲመራመር ኖሯል። ባለ ሁለት ምት ሞተር በየዙሩ ስለሚያነድ ብርቱ ነው፤ ችግሩ ከጭሱ ጋር ያልነደደ ነዳጅም ያመልጠዋል። ካደን ማርሚታውን ሆዱ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ አድርጎ ሠራው። የሚወጣው ጭስ ግፊት ከጠባቡ ጫፍ ተላትሞ ሲመለስ ሊያመልጥ የነበረውን ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ያስገባዋል። በዚህ ዘዴ አንዲት 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት አወጣች።

የካደን ዋና ተወዳዳሪ ኤርንስት ዴግነር በሴፕቴምበር 1961፣ የበርሊን ግንብ ከተገነባ ከወር በኋላ፣ ስዊድን ለውድድር እንደሄደ ኮበለለ። ቤተሰቡም በዚያው ሰሞን በመኪና ተደብቆ ወጣ። የኤምዜድ ዕውቀት ሱዙኪ ዘንድ ደረሰ። በ1962 ቲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ የ50 ሲሲ ውድድር ሲያዘጋጅ ያሸነፈው ዴግነር ነው፤ በሱዙኪ። በዚያው ውድድር ቤሪል ስዌን በቲቲ ብቻዋን ሞተር ነድታ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆና 22ኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሴት ናት ተብሎ ፈቃዷ ተነጠቀ። በ1963 ሚትሱዎ ኢቶ 50ውን ወስዶ ቲቲ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የጉድ ዘመን ነው። ሆንዳ የ125ዋን ሞተር አምስት ሲሊንደር አደረጋት፤ አንዱ ፒስተን 25 ሲሲ ብቻ ማለት ነው። 250ዋ ስድስት ሲሊንደር ነበራት። 50 ሲሲዋ ሁለት ሲሊንደር ሆና በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ትሽከረከር ነበር። ሱዙኪ በበኩሉ ለ50 ሲሲ ሞተር 14 ማርሽ ገጠመላት። በ1966 ራልፍ ብራያንስ በሆንዳ 50 ሲሲ ያንን ተራራ በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ዞረ። በ1968 ቢል አይቪ በ125 ሲሲ ያማሃ ዙሩን በሰዓት ከ100 ማይል በላይ፣ ማለትም በ161 ኪሎ ሜትር ጨረሰ።

የአሶሳው ወዳጄ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «የሰዓት ሠሪ ሥራ ነው እንጂ የመካኒክ አይደለም። ያ 25 ሲሲ ፒስተን ቢሰነጠቅ ከየት ይገዛል?» አለ። ከየትም አይገዛም ነበር። መለዋወጫው ያለው በፋብሪካው መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው። ሆንዳ በ1968 ከውድድር ሲወጣ መሳቢያው ተቆለፈ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም የወጪውን ሩጫ ለመግታት 50ዋን በአንድ ሲሊንደር፣ 125ንና 250ን በሁለት ሲሊንደር ወሰናቸው። የቲቲ የ50 ሲሲ ውድድር በ1968 አበቃ። ለሁለተኛ ጊዜ ስንብት ሆነ።

ሦስተኛው ስንብት ግን በመለዋወጫ አይመካኝም። በጁን 1972 ኢጣሊያዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ የዓለም ሻምፒዮናውን እየመራ ሳለ በጭጋግና በዝናብ በ125 ሲሲ ቲቲ ወድቆ ሞተ። የዘመኑ ታላቅ ተወዳዳሪ ጃኮሞ አጎስቲኒ ከእንግዲህ ወደዚህ አልመለስም አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። 125ዋ በ1974 ከቲቲ ወጣች። ከ1976 በኋላ ቲቲ ራሱ የዓለም ሻምፒዮናነቱን አጣ። የእንግሊዝ ግራንድ ፕሪ ወደ ሲልቨርስቶን መም ሄደ። ደሴቲቱ ከመንገዷና ከወዳጆቿ ጋር ቀረች።

125ዋ አሥራ አምስት ዓመት ከቆየች በኋላ በ1989 ተመለሰች። ያኔ የወዳጄ ሕግ በትክክል ሠራ። ሆንዳ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ሁለት ምት 125 ሲሲ የውድድር ሞተር ለማንም ገንዘብ ላለው ይሸጥ ነበር። ፒስተኑም፣ ቀለበቱም፣ ሲሊንደሩም በካታሎግ ታዝዞ በፖስታ ይመጣል። ያማሃም እንዲሁ 250 ይሸጥ ነበር። የአየርላንድ ገበሬ ልጅ፣ የእንግሊዝ ቧንቧ ሠራተኛ፣ የደሴቲቱ ባለ ጋራዥ ሞተሯን ገዝቶ በቫን ጭኖ መምጣት ቻለ። የ1989ኙን ውድድር ያሸነፈው የሰሜን አየርላንዱ ሮበርት ደንሎፕ ነበር።

ከዚህ በኋላ የትንሿ ሞተር ታሪክ የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ይሆናል። የሮበርት ታላቅ ወንድም ጆይ ደንሎፕ በባሊመኒ ከተማ መጠጥ ቤት ነበረው። ምግብና ልብስ በቫን ጭኖ ራሱ እየነዳ ለሩማኒያና ለቦስኒያ የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ያደርስ ነበር፤ ለዚህም በ1996 ከእንግሊዝ መንግሥት ኒሻን ተሸልሟል። ትልቁንም ትንሹንም ሞተር ይነዳ ነበር፤ ትንሿን ግን እስከ መጨረሻው አልተዋትም። በ2000 በ48 ዓመቱ በአንድ ሳምንት ሦስት ውድድሮች አሸነፈ። ከሦስቱ ሁለቱ 250 እና 125 ነበሩ። የድሉ ቁጥር 26 ደረሰ፤ ማንም ያልደረሰበት ነበር። ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 2 ቀን፣ ኢስቶኒያ ታሊን ከተማ ዳርቻ ባለ የሕዝብ መንገድ ላይ በዝናብ በ125 ሲሲ ውድድር ሕይወቱ አለፈ።

ሮበርት በ1994 በትልቅ ሞተር ሲወዳደር የኋላ ጎማው ቸርኬ ተሰባብሮ ወድቋል። ቀኝ እጁና እግሩ ክፉኛ ተጎዱ። ቀኝ እጁ የፊት ፍሬኑን መጭመቅ አልቻለም፤ ስለዚህ ፍሬኑን ወደ ግራ እጀታ አዛውረው በአውራ ጣት የሚገፋ አደረጉለት። ትልቁን ሞተር መቆጣጠር ስላቃተው ወደ ትንሿ ተመለሰ። በ1998 ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወድቆ እግሩንና የአንገት አጥንቱን ሰብሮ ሳለ መጥቶ የቲቲውን 125 አሸነፈ።

ከ2000 በኋላ ግን ገበያው ከትንሿ ሞተር ፊቱን አዞረ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ያነዳል፤ ጭሱ የብክለት ሕጎችን አያልፍም። ፋብሪካዎቹ ወደ ባለ አራት ምት ሄዱ። የዓለም ሻምፒዮናው ራሱ በ2010 የ250ዋን፣ በ2012 የ125ዋን ቦታ ለባለ አራት ምት ሞተሮች ሰጠ። ደሴቲቱ ቀድማ ነበር የተሰማት። የ250 ሲሲ ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ በተራራው ላይ የተካሄደው በ2002 ነው። ከ2004 ውድድር በኋላ የ125ዋና የ400 ሲሲ ሞተሮች ምድቦች ተሠረዙ። በ2008 እና በ2009 ትንንሾቹን በደሴቲቱ ደቡብ ባለው 6.8 ኪሎ ሜትር የቢላውን ዙር ለማስሮጥ ተሞከረ። ያም አልዘለቀም። መለዋወጫዋ የሚመረትላት ሞተር አልነበረችማ።

በ2008 ሜይ 15 ቀን ሮበርት ደንሎፕ በሰሜን አየርላንድ ኖርዝ ዌስት 200 በተባለው የመንገድ ውድድር ላይ በ250 ሲሲ ልምምድ ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱ ልጆቹ በዚያው ምድብ ለመነሳት ተሰለፉ። የታላቁ የዊሊያም ሞተር ገና በማሟሟቂያው ዙር ተበላሸ። የ19 ዓመቱ ማይክል ግን ነዳ፤ አሸነፈም።

ትንሳኤው የመጣው ማንም ባልጠበቀው በኩል ነው። ራያን ፋርኩዋር የተባለ የሰሜን አየርላንድ ተወዳዳሪና ሞተር ሠሪ የውድድር ሞተር ፋብሪካ ደጅ አልጠናም። ካዋሳኪ ኢአር-6 የምትባል፣ 649 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ገበያ ላይ ነበረች። የቢሮ ሠራተኛ ጠዋትና ማታ የሚመላለስባት፣ አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ወጣት የሚለማመድባት፣ ለእሽቅድምድም ማንም የማያስባት ሞተር ናት። በየከተማው ስለምትሸጥ መለዋወጫዋ ሞልቷል፤ ከአደጋ የተረፈችዋም በርካሽ ትገኛለች። ፋርኩዋር አላስፈላጊ ክብደቷን አራገፈ፤ ሞተሯን ፈትቶ አሻሻለ፤ ማርሚታዋንና ሞላዎቿን ቀየረ፤ በአየርላንድ መንገዶች ላይ አወዳደራት። ሌሎችም አይተው እንዲሁ አደረጉ።

በ2012 ቲቲ በሩን ከፈተላቸው። «ላይትዌይት» የሚለው ስም ወደ ተራራው ተመለሰ፤ አሁን ግን እስከ 650 ሲሲ ላሉ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ ከመንገድ ለመጡ ሞተሮች። ራሱ ፋርኩዋር አሸነፈ። በዚያው ሳምንት ታላቁ ሲኒየር በአየሩ ምክንያት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠረዝ ትንሿ ግን ሮጣለች። ደስታው ብዙ አልቆየም። በፈረንጆቹ በጋ ማብቂያ በዚያው ተራራ ላይ፣ በእሱ ቡድን ሞተር ሲወዳደር የነበረው አጎቱ ሞተ፤ ፋርኩዋርም ያን ጊዜ ከውድድር ራሱን አገለለ።

ያስነሳው ምድብ ግን ቆመ። ፓቶን የሚባል፣ በ1958 የተመሠረተ ትንሽ የኢጣሊያ ድርጅት የዚያችኑ የካዋሳኪ ሞተር ወስዶ በራሱ አካል ላይ ገጠመ። በ2017 ማይክል ራተር በፓቶን አሸነፈ። በ2018 ተራው የማይክል ደንሎፕ ሆነ። ከአንድ ወር በኋላ፣ በጁላይ፣ ወንድሙ ዊሊያም በአየርላንድ የመንገድ ውድድር ሞተ። ማይክል በ2019ም በዚሁ ምድብ ደገመ። በዚያው ዓመት፣ በጁላይ፣ አዲስ አበባ በደኅንነት ምክንያት ሞተር ሳይክል ላይ እገዳ ጣለች። አሶሳ ላይ ሞተር ያው እንደ ወትሮው በሽተኛ ሐኪም ቤት ያደርስ ነበር።

በ2022 ምድቡ «ሱፐርትዊን» ተብሎ ስሙ ተቀየረ። ያ ዓመት ለቲቲ ክፉ ነበር፤ ስድስት ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከ1911 ወዲህ ያ ተራራ የወሰዳቸው ከ260 በላይ ናቸው። ውድድሩ ይቅር የሚሉ አሉ፤ ደሴቲቱ ግን በየዓመቱ መንገዷን ትዘጋለች።

ጁን 4 ቀን 2024 የሱፐርትዊን ውድድር ተካሄደ። ማይክል ደንሎፕ በፓቶን፣ ከቢሮ መመላለሻ በተወለደችው ሞተር፣ አንደኛ ወጣ። ያ 27ኛ ድሉ ነበር። ለ24 ዓመት ማንም ያላለፈው የአጎቱ የጆይ ክብረ ወሰን ያን ለት ተሰበረ። የተሰበረውም በትልቁ ሞተር አይደለም። አጎቱ በ125፣ አባቱ በ250 ሞተዋል፤ እሱ ደግሞ በእነሱ ምድብ ወራሽ ላይ ተቀምጦ አለፋቸው። ሳምንቱ ሲያልቅ የድሉ ቁጥር 29 ነበር።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ተረክሁለት። ሕጉ እንደሠራ ስነግረው ብዙም አልተገረመም፤ የሚያውቀውን ነው የነገርኩት። ቀልቡን የሳበው ሌላ ነገር ነበር።

«ያ ፍሬኑን ወደ ግራ ያዞሩለት ሰውዬ» አለኝ፣ «ፍሪሲዮኑም ግራ ነው። ሁለቱን በአንድ እጅ እንዴት ያዘ?»

«ፍሪሲዮኑን በአራቱ ጣቶቹ፣ ፍሬኑን በአውራ ጣቱ።»

ተነስቶ ደጃፉ ላይ የቆመችውን ሞተር ግራ እጀታ ያዘ። አራት ጣቱን ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ የሌለ ፍሬን ገፋ። ደገመው። አውራ ጣቱን እያየ፣ «ይሄ በሦስተኛው ኩርባ ላይ ይዝላል» አለ። ቆየት ብሎም፣ «ቀኝ እጁንስ ማን ጠገነው?» አለኝ።

«አልተጠገነም። ለዚህ ነው ፍሬኑን ያዛወሩለት።»

ምንም አላለም። ካርቡራተሩን መልሶ ገጠመ፤ የቤንዚኑን ቧንቧ ከፈተ፤ ሞተሯን በእግሩ መታ። በሁለተኛው ተነሳች።